የማታ ጡጦ፣ የሌሊት ፈረቃና የሕፃናት ጥርስ፦ ስደተኛ እናቶች የተደጋገፉበት አንድ ጉዳይ

ከእነዚህ እናቶች መካከል ስኳር ጥርስ እንደሚጎዳ የማታውቅ አንዲትም አልነበረችም። ያም ሆኖ የልጆቻቸው ጥርስ ገና በሁለትና በሦስት ዓመታቸው ይበላ ነበር። የቸገራቸው ማታ የሚያግዝ እጅና ሐኪም ፊት አብሮ የሚቆም ሰው ማጣት ነው። ጉዳዩ የተመዘገበው ይህን ክፍተት እርስ በርስ የሞሉበት መንገድ ለሌሎችም ስለሚጠቅም ነው። የሰዎቹና የከተማው ስም ሆን ተብሎ ተትቷል።

ዳራ

እናቶቹ ከአንድ አገር የመጡ፣ አንድ ቋንቋ የሚናገሩና በተቀራረቡ የመኖሪያ ሕንፃዎች ውስጥ የሚኖሩ ናቸው። አብዛኞቹ ከ5 ዓመት በታች የሆነ ልጅ አላቸው። የሚሠሩት ጽዳት፣ የአረጋውያን እንክብካቤና የወጥ ቤት ሥራ ሲሆን ብዙዎቹ የሌሊት ፈረቃ ይገባሉ። ለልጅ ጥበቃ የሚከፍሉት ስለሌላቸው ከጥርሱ ጉዳይ በፊትም አንዷ የሌላዋን ልጅ በየተራ ታስተኛ ነበር። ኋላ ላይ ሥራው ሁሉ የቆመው በዚህ ልማድ ላይ ነው።

መነሻው የአንዲት እናት ልጅ ነው። ልጁ 2 ዓመት ተኩል ሲሆነው ጠንከር ያለ ነገር መንከስ እምቢ አለ፤ ሌሊትም እያለቀሰ ይነቃ ጀመር። የጥርስ ሐኪም ሲያየው አራቱ የላይኛዎቹ የፊት ጥርሶቹ ከድዱ ጥግ ቡናማ ሆነዋል፤ ከእነሱም የሁለቱ ጫፍ ተሸርፏል። የታችኛዎቹ የፊት ጥርሶች ግን ነጭና ጤነኛ ነበሩ። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ አፉን ከፍቶ ስለማይቆይ ሕክምናው በሙሉ ማደንዘዣ ሊሆን እንደሚችል ለእናትየዋ ተነገራት። ወሬው ወዲያው ሕንፃዎቹን አዳረሰ፤ ሌሎቹም የየልጆቻቸውን ከንፈር እየገለጡ ማየት ያዙ።

የላይኛው ተጎድቶ የታችኛው የሚተርፍበት መልክ መንስኤውን ይናገራል። ልጅ ጡጦ እንደያዘ ሲያንቀላፋ የጡጦው ጫፍ ከላይኛዎቹ ጥርሶች ኋላ ያርፋል፤ የታችኛዎቹን ምላስ ይሸፍናቸዋል፣ ከምላስ ሥር የሚመነጨው ምራቅም ያጥባቸዋል። በእንቅልፍ ጊዜ ምራቅ በጣም ስለሚቀንስ ከላይ የቀረው ወተት ወይም ጁስ እዚያው ያድራል። ጥርስ ላይ ያሉት ባክቴሪያዎች ስኳሩን ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲወርድ አሲዱ ይበረታል) ከ5.5 አካባቢ በታች ሲወርድ የጥርሱ ሽፋን ማዕድኑን መልቀቅ ይጀምራል። የወተት ጥርስ ሽፋን ከቋሚው ጥርስ ስለሚሳሳ ጉዳቱ በጥቂት ወራት ውስጥ ጠልቆ ይገባል።

ችግሩ የቱ ጋ ነበር

ሐኪሙ ለእናትየዋ የሰጣት ምክር ትክክል ነበር፦ የማታውን ጡጦ ተዪ፣ ማታ ጥርሱን ቦርሺለት። ነገር ግን እሷ በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ ናት። ልጁን የምታስተኛው ጎረቤቷ ስትሆን ከእሷ ጋር የራሷ ሁለት ልጆች አሉ። የቤቶቹ ግድግዳ ስስ ነው፤ ልጅ ሌሊት ካለቀሰ ጎረቤት ያማርራል፣ አከራይም ይደውላል። ስለዚህ ልጁ ገና ድምፁን ሳያሰማ ጡጦ ይሰጠዋል። ምክሩ የተነገረው ልጁን ለማታስተኛው ሰው ነበር፤ ልጁን የምታስተኛዋ ደግሞ ምክሩን ብትሰማውም በዚያ ቤት ውስጥ ልትፈጽመው አትችልም።

ሁለተኛው ችግር የጥርስ ሳሙናው ነው። እናቶቹ ቤት ያለውን ሳሙና ይዘው እንዲመጡ ሲጠየቁ ብዙዎቹ የካርቱን ሥዕል ያለበት፣ ጣፋጭ ሽታ ያለው፣ ግን ፍሎራይድ የሌለው ይዘው መጡ። አውቀው ነው የገዙት፤ «ቢውጠው አይጎዳውም» በሚል። ሐሳቡ ከእናት አንጀት የመጣ ቢሆንም ልጁን መከላከያ አሳጥቶታል። ሽፋኑ የተነሳበትን ማዕድን መልሶ እንዲይዝ የሚረዳው ፍሎራይድ ነው፤ ያለ እሱ መቦረሽ ቆሻሻውን ያነሳል እንጂ መቦርቦርን እምብዛም አያስቀርም።

ሦስተኛው «የወተት ጥርስ ነው፣ ይወልቃል» የሚለው አነጋገር ነው። የፊቶቹ እውነትም በ6 እና በ7 ዓመት ገደማ ይወልቃሉ። የወተት መንጋጋዎች ግን እስከ 10 እና 12 ዓመት ይቆያሉ፤ ልጁ የሚያኝከው በእነሱ ነው፣ ለቋሚዎቹም ቦታ የሚጠብቁት እነሱ ናቸው። በ6 ዓመት ገደማ ደግሞ የመጀመሪያው ቋሚ መንጋጋ ምንም ጥርስ ሳይወልቅ ከሁሉም ኋላ ብቅ ይላል። ብዙ እናት ይህን የዕድሜ ልክ ጥርስ ከወተት ጥርስ ትቆጥረውና ሲበላ ዝም ትላለች።

የመጨረሻው ሐኪም ቤት ነው። የቀጠሮ ደብዳቤ በማይነበብ ቋንቋ ይመጣል፤ ቀጠሮ ሲያልፍ ስም ከመዝገብ ይወጣል። ታላቅ ወንድም ወይም እህት አስተርጓሚ ይሆናል። ዕድሜው ለትምህርት የደረሰ ልጅ ስለ ማደንዘዣ አደጋ ለእናቱ እንዲያስረዳ ማድረግ ለማንም አይበጅም፤ ከባዱን ዓረፍተ ነገር ይዘልለዋል። ከዚህ ሁሉ በታች ፍርሃት አለ፦ «ልጇን የማትንከባከብ» ተብሎ መመዝገብ፣ ስለ መኖሪያ ወረቀት መጠየቅ። በዚህ የተነሳ ልጃቸው በጣም የታመመባቸው እናቶች ናቸው ከሐኪም በጣም የሚርቁት።

ምን ተደረገ

መጀመሪያ የተቀየረው የሚሰበሰበው ሰው ነው። እያንዳንዷ እናት ልጇን ማታ የሚያስተኛውን ሰው ይዛ እንድትመጣ ተደረገ፤ ጎረቤትም ይሁን አባት ወይም አያት። የሚገናኙት በአዳራሽ ሳይሆን በአንዷ ቤት፣ ልጆቹ ጭን ላይ እንዳሉ ነበር። ከመካከላቸው ሁለቱ ከጥርስ ጤና ባለሙያ ተምረው ሌሎቹን በገዛ ቋንቋቸው ማሳየት ጀመሩ።

ከንፈር ማንሳት። በወር አንድ ጊዜ እያንዳንዷ የራሷን ልጅ ታያለች። እጅ ይታጠባል፤ ልጁ ጭን ላይ በጀርባው ይጋደማል፤ የላይኛው ከንፈር በጣት ወደ ላይ ይገለጣል፤ ጥርሶቹ በንጹሕ ጨርቅ ይደረቃሉ። ማድረቁ መዘለል የለበትም፤ የመጀመሪያው ምልክት ከድዱ ጥግ የሚታይ ኖራ የመሰለ ነጭ መስመር ሲሆን ጥርሱ እርጥብ ከሆነ ይሰወራል። ከዚያ በስልክ መብራት ጥርሱና ድዱ የሚገናኙበት ቦታ ይታያል፤ የመንጋጋዎቹ የላይ ገጽም እንዲሁ። ነጭ መስመር ከሆነ ገና ሊመለስ ይችላል፤ ፍሎራይድና የአመጋገብ ለውጥ ያቆሙታል። ቢጫ ወይም ቡናማ ከሆነ፣ ወይም ቀዳዳ ከታየ፣ ቀጠሮ ይያዛል። ድድ ላይ ብጉር የመሰለ መግል ካለ ፈጥኖ መታየት አለበት። ፊት ካበጠና ትኩሳት ካለ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው።

ቡረሻ። ቡድኑ ብዙ ጊዜ የፈጀው እዚህ ላይ ነው፤ ፈጅቶም ተገቢ ነበር። የሁለት ዓመት ልጅ አፉን ዘግቶ ሲታገል አንዲት የደከመች እናት ብቻዋን አታሸንፈውም። የተማሩት የጉልበት ለጉልበት አቀማመጥ ይባላል። ሁለት ሰዎች ጉልበታቸው እስኪነካካ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። ልጁ ወደ እናቱ ዞሮ ጭኗ ላይ ይቀመጥና እግሮቹን በወገቧ ግራና ቀኝ ያደርጋል፤ ከዚያ ቀስ ተብሎ ወደ ኋላ ይጋደምና ጭንቅላቱ ሁለተኛዋ ሴት ጭን ላይ ያርፋል። እናትየዋ እጆቹን ይዛ ታጫውተዋለች፤ ልጁም ፊቷን እያየ ነው። የምትቦርሸው ሁለተኛዋ ናት፤ ከላይ ሆና አፉን በሙሉ ታያለች። የሚቦርሸው ሰው ብቻውን ከሆነ ከልጁ ኋላ ተቀምጦ ጭንቅላቱን ሆዱ ላይ ያስደግፋል።

ብዙዎቹ ልጆች የሚጮሁበት ምክንያት የተገኘው በዚህ አቀማመጥ ነው። የላይኛውን ከንፈር ከድድ ጋር የሚያያይዝ ስስ ሥጋ አለ፤ ብሩሽ ሲገጨው በጣም ያማል። አንድ ጊዜ የተመታ ልጅ በማግስቱ ብሩሹን ሲያይ ገና ይሸሻል። መፍትሔው ጠቋሚ ጣትን ከከንፈሩ ሥር አግብቶ ያንን ሥጋ መሸፈንና ከጣቱ በታች መቦረሽ ነው። ይህን የተማረ ቤት ውስጥ ልቅሶው ቀነሰ።

ብሩሹ ትንሽ ራስና ለስላሳ ፀጉር ያለው ይሁን፤ ወደ ድዱ ዘንበል ብሎ በትንንሽ ክብ እንቅስቃሴ ይሄዳል። የጥርስ ሳሙናው ላይ የፍሎራይዱ መጠን በፒፒኤም (ከሚሊዮን ስንት እጅ እንደሆነ) ተጽፎ ይገኛል፤ ቢያንስ 1000 መሆን አለበት። ከመጀመሪያው ጥርስ ጀምሮ እስከ 3 ዓመት የአንድ ሩዝ ፍሬ ያህል፣ ከ3 እስከ 6 ዓመት የአተር ፍሬ ያህል ይበቃል። የሩዝ ፍሬ ያህሉ 0.1 ግራም ገደማ ስለሆነ ልጁ ቢውጠውም አያሰጋም፤ «ቢውጠውስ?» የሚለውን ጭንቀት ያቀለለው ይህን መጠን ብሩሽ ላይ ማየት ነበር። ቱቦው ግን ልጅ በማይደርስበት ቦታ ይቀመጣል። በቀን ሁለት ጊዜ፣ አንዱ የግድ ከመኝታ በፊት፤ ከዚያ በኋላ ከውኃ በቀር ምንም አይገባም። አረፋውን ከተፋ በቂ ነው፤ በውኃ መጉመጥመጥ ፍሎራይዱን ያጥበዋል። ልጅ በራሱ መቦረሽ ቢወድ ይቦርሽ፣ ግን እስከ 7 ወይም 8 ዓመት ድረስ ጨራሹ አዋቂ ነው።

የማታውን ጡጦ ማስተው። ከአንድ ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ የተመረጠው ማቅጠን ነው። ጡጦው 200 ሚሊ ሊትር ወተት ቢይዝ መጀመሪያ 150 ወተትና 50 ውኃ፣ ከጥቂት ሌሊቶች በኋላ 100 በ100፣ ቀጥሎ 50 ወተትና 150 ውኃ፣ በመጨረሻ ውኃ ብቻ። ልጁ የለመደውን ወተት ቀን በኩባያ ያገኛል። ከአንድ ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን የዱቄት ወተት ማቅጠን ፈጽሞ አይፈቀድም፤ ምግቡን ይቀንስበታል፣ ለከፋ ጉዳትም ይዳርገዋል። ይህ ማስጠንቀቂያ በየስብሰባው ተደጋግሟል።

ማቅጠኑ የሚከሽፍባቸው ሦስት ሁኔታዎች ታይተዋል። አንደኛ፣ ግማሽ በግማሽ ላይ ሲደርስ ልጁ ልዩነቱን ይለይና ያምፃል። ሁለተኛ፣ ልጁ ታሞ ወተቱ ከተመለሰ ሥራው እንደ አዲስ ይጀመራል። ሦስተኛ፣ እናትየዋ እያቀጠነች ጎረቤቷ ሙሉ ወተት ከሰጠች ልጁ ጠብቆ መጮህን ይማራል። ቡድኑ ያደረገው ይህ ነው፦ የሚጀመረው እናትየዋ በተከታታይ እረፍት ባለባት ሳምንት ብቻ ነው፤ ከበላይና ከበታች ላሉ ጎረቤቶች «ለጥቂት ሌሊት ልጅ ያለቅስ ይሆናል፣ ይቅርታ» ተብሎ አስቀድሞ ይነገራል፤ በከባዶቹ ሌሊቶች ልጇ ጡጦ የተወላት ሌላ እናት ስልኳን ከፍታ ታድራለች። ጎረቤቶቹን አስቀድሞ ማናገሩ ከምንም በላይ ሠራ። ልቅሶውን የሚፈራ ሰው ሲጠፋ ጡጦውም እንደ ጸጥታ ማስከበሪያ መታየቱ ቀረ።

ጡት የሚጠቡ ልጆችን በተመለከተ ጡት አስተዉ አልተባለም። አንድ ዓመት ካለፈ በኋላ ሌሊቱን ሙሉ ጡት አፍ ውስጥ እንደያዙ መተኛት የመቦርቦርን ዕድል ስለሚጨምር ከመኝታ በፊት መቦረሽና ልጁ ሲያንቀላፋ ጡቱን ማውጣት በቂ ሆኖ ተወስዷል።

ቀን ላይ የተለወጠው የመብል ድግግሞሽ ነው። ከጥርስ አንጻር የጣፋጩ ብዛት ብቻ ሳይሆን ስንት ጊዜ አፍ እንደገባ ይቆጠራል፤ እያንዳንዱ ጉርሻ አሲዱን ለግማሽ ሰዓት ያህል ያቆየዋል። አንድ ኩባያ ጁስ ከምግብ ጋር የጠጣ ልጅ ያንኑ ጁስ ከሰዓቱን ሙሉ ከሚጎነጭ ልጅ ይሻላል። በምግብ መካከል ውኃ ብቻ ሆነ። የሳል ሽሮፕም ስኳር ሊኖረው ስለሚችል ከቡረሻ በፊት እንዲሰጥ፣ ሲገኝም ስኳር የሌለው እንዲጠየቅ ተደረገ።

ሐኪም ቤት። ደብዳቤ ሲመጣ በስልክ ፎቶ ተነስቶ ቋንቋውን ለምታነብ እናት ይላካል፤ ቀጠሮ ሲያዝ አስተርጓሚ አብሮ ይጠየቃል፤ አንዲት ሴት አብራ ትሄዳለች። አብራ የምትሄደው ሥራዋ ማስተርጎም አይደለም። ልጁን ትይዛለች፣ የተባለውን ትሰማለች፣ መጨረሻ ላይ «ቤት ስንደርስ ምን እናድርግ? የምንመለሰው መቼ ነው?» ብላ ትጠይቃለች።

ሁለት ሕክምናዎች አስቀድመው ካልተብራሩ ይከሽፋሉ። ፍሎራይድ ቫርኒሽ በብሩሽ ጥርስ ላይ የሚቀባ ሲሆን ጥርሱን ለጊዜው ቢጫ ሊያስመስለው ይችላል። አንዲት እናት ቆሻሻ መስሏት በዚያው ምሽት ጠርጋ ቦርሻ አነሳችው፤ የሚሠራው ግን ጥርስ ላይ ሲቆይ ነው። ከዚያ ወዲህ አብራ የምትሄደው ሴት «እስከ ነገ ጠዋት አይቦረሽም፣ ዛሬ ለስላሳ ምግብ፣ ትኩስ መጠጥ የለም» ብላ ታስታውሳለች። ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድ ደግሞ ያለ መሰርሰር መቦርቦሩን ሊያስቆም የሚችል ፈሳሽ ነው፤ የተበላውን ቦታ ግን ለዘለቄታው ያጠቁረዋል። ይህን ሳይነገራት ልጇ ጥቁር ጥርስ ይዞ ቤት የገባ እናት ሐኪሙን ዳግም አታምንም። ፎቶ ታይቷት ከማደንዘዣ ጋር አመዛዝና የመረጠች ግን ትጸናለች።

ያልሠራው

የተተረጎመ በራሪ ወረቀት ታድሎ ነበር፤ የማያነቡ አልጠቀማቸውም፣ ለሚያነቡትም የሚያውቁትን ደገመላቸው። የድምፅ መልእክት በስልክ መላክ ከዚያ በእጅጉ ተሻለ።

የከፋው ስህተት የልጆች ጥርስ ፎቶ በጋራ የስልክ ቡድን ላይ መለጠፍ ነበር። ሐሳቡ እንዲማማሩ ነው። ጤነኛ ጥርስ ያለው ልጅ ፎቶ ሲመጣ ምስጋናው ይዘንባል፤ የተበላ ጥርስ ሲመጣ ዝምታ ይሆናል፣ ወይም «ምነው እህቴ፣ ምን አብልተሽው ነው?» የሚል ይከተላል። ልጃቸው የባሰባቸው እናቶች አንድ በአንድ ቀሩ። ፎቶ መለጠፉ ቆሞ እያንዳንዷ ለአንዲት አጋር እናት ብቻ እንድታሳይ ሲደረግ ከቀሩት የተወሰኑት ተመለሱ፤ ሁሉም ግን አልተመለሱም።

ማንኪያ መጋራት ባክቴሪያ ከእናት ወደ ልጅ እንደሚያስተላልፍ ማስተማሩም በመጀመሪያ ጎዳ። እውነት ነው፣ ይተላለፋል። ነገር ግን እናቶቹ የሰሙት «ጥፋቱ የአንቺ አፍ ነው» የሚል ሆነ። የራሳቸውን የተበላ ጥርስ እንዲያሳክሙ መርዳት ሲጀመር፣ በእርግዝና ጊዜም የጥርስ ሕክምና ማግኘት እንደሚቻል ሲነገራቸው፣ ያው ዕውቀት ጠቃሚ ሆነ።

የተገኘው ለውጥ

የመጀመሪያው ልጅ የማታ ጡጦ ተወ። ሁለቱ የተሸረፉት ጥርሶች ከመነቀል አልዳኑም፤ የቀሩት ላይ መቦርቦሩ በሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድ ቆመ፣ መንጋጋዎቹም ተረፉ። በታናናሽ ወንድሞችና እህቶች ላይ የታየው ለውጥ ይበልጣል፦ ቡድኑ ከተጀመረ በኋላ ጥርስ ያወጡት ሕፃናት ከመጀመሪያው ጥርስ ጀምሮ ተቦርሾላቸዋል፣ ብዙዎቹም አንድ ዓመት ሲሆናቸው ለሐኪም ታይተዋል። ሐኪም ቤቱን ምንም ሳያማቸው ስላዩት ወንበሩ አያስፈራቸውም። ሁለት ሥራ ያላቸውና ከሕንፃዎቹ ርቀው የሚኖሩ እናቶች ግን ከዚህ ብዙም አልተጠቀሙም፤ መደጋገፉ የቅርብ ጎረቤት ይፈልጋል።

ለሌላ ቡድን የሚሆኑ ነጥቦች

ልጁን ማታ የሚያስተኛውን ሰው ሳይዙ መጀመር አያዋጣም። አባት ከሆነ አባት ይምጣ፤ አያት ከሆኑ «እማማ፣ እርስዎ ያሳዩን» ተብለው ብሩሹ በእጃቸው ይሰጣቸው። በተግሣጽ ጡጦ ያስጣለ አያት የለም፤ ቡረሻውን ራሳቸው ሲመሩት ግን ጡጦውንም ራሳቸው ያስቀሩታል።

ቡድኑ ከስድስትና ከሰባት ቤት ባይበልጥ ጥሩ ነው። ከዚያ ሲበዛ የተበላ ጥርስ ያለው ልጅ እናት ዝም ትላለች። የሚመረመረው የራስ ልጅ ብቻ ነው፤ የሌላ ሰው ልጅ ከንፈር ያለ ፈቃድ አይነሳም።

ከሐኪም ቤቱ ጋር አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል፦ አስተርጓሚ እንዴት እንደሚጠየቅ፣ ቀጠሮ ሲያልፍ ምን እንደሚሆን፣ ከሕክምናው ጋር የማይገናኝ ሰነድ ይጠየቅ እንደሆነ። መልሱን ከሐኪም ቤቱ ሰው አፍ የሰማች አንዲት እናት ለሌሎቹ ስትነግራቸው ፍርሃቱ ይቀንሳል።

የሌሊት ፈረቃ የምትገባ እናት ፍሪጅ ላይ የምትለጥፈው ግማሽ ገጽ ወረቀት ይኑራት። አራት ነገር ይበቃዋል፦ ዛሬ ማታ ጡጦው ውስጥ ስንት ወተት ስንት ውኃ እንደሚገባ፤ ጥርሱ የሚቦረሽበት ሰዓትና የሳሙናው መጠን በሥዕል፤ ልጁ ካለቀሰ ከጡጦ በፊት የሚሞከረው ምን እንደሆነ፤ የምትደውልላት እናት ስልክ። የወተቱና የውኃው መጠን በተቀየረ ቁጥር ወረቀቱም ይቀየራል፤ አሮጌው ከተረሳ ልጁ ወደ ትናንቱ ወተት ይመለሳል።